ከአጀንዳ በፊት የተነገረ ቃል፦ የወይዘሮ ትብለጽ ተስፋልደት ዜና ሕይወት

ከእሪ በከንቱ በእግራችሁ፣ ከአዲሱ መንደር በአውቶቡስ የመጣችሁ፣ በዐፀዱ ውስጥ የቆማችሁና በደጀ ሰላሙ በኩል ወንበር ይዛችሁ የተቀመጣችሁ ወገኖቻችን ሁሉ፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ዛሬ የምንሸኛቸው እናት ሰላምታ ሲረዝም ሰዓታቸውን ያዩ ስለነበር፣ የማዕረግ ስማችሁን በየተራ ሳንጠራ ወደ ታሪካቸው ብንገባ እንደማትቀየሙን እናምናለን። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀውና የሚያነብላችሁ የእድራችን ጸሐፊ አብርሃ ሲሆን፣ ቃለ ጉባኤ መያዝን ያስተማሩት እሳቸው ናቸውና ቢሳሳት ካሉበት ሆነው እንደሚያርሙት ያውቃል።

ወይዘሮ ትብለጽ ከአባታቸው ከአቶ ተስፋልደት ኪዳኔና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሓዳስ በየነ በመጋቢት ወር 1947 ዓ.ም. በአፍንጮ በር ተወለዱ። አባታቸው ከአዲግራት መጥተው በፒያሳ ከአንድ በር በማትሰፋ ሱቅ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ሲሆኑ፣ እናታቸው ደግሞ በትግርኛ እየተቆጡ በአማርኛ የሚመርቁ፣ ፊደል ባይቆጥሩም የሰሙትን የማይረሱ ሴት ነበሩ። ወይዘሮ ትብለጽ ክርስትና የተነሡትም ፊደል የቆጠሩትም በአራዳ ጊዮርጊስ አጥቢያ ነው። ገና በልጅነታቸው እሑድ እሑድ ስብከቱን በደብተር እየያዙ ቤት ሲገቡ ለእናታቸው ያነቡላቸው ነበር፤ አንዲት ቃል የጐደለች እንደሆነ ወይዘሮ ሓዳስ ወዲያው ያውቁና «አባ እንዲህም ብለዋል፤ የት ጣልሽው?» እያሉ ይጠይቋቸው እንደነበር፣ በሸመገሉ ጊዜም እየሣቁ ያወጉን ነበር።

ከዚያም በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የጽሕፈት መኪናና ንግግርን በምልክት የሚይዘውን አጭር ጽሕፈት ተምረው በ1966 ዓ.ም. ተመረቁ። በሚቀጥለው ዓመት በከተማው ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ በጸሐፊነት ተቀጥረው፣ ኋላም የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆነው ድፍን አርባ ዓመት አገለገሉ። መንግሥት ተለወጠ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ተለወጠ፣ የጽሕፈት መኪናውም ቦታውን ለኮምፒዩተር ለቀቀ፤ እሳቸው ግን በእርሳስ በአጭር ጽሕፈት መያዛቸውን አልተዉም።

በ1972 ዓ.ም. በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ከነበሩት ከአቶ ሉልሰገድ ወርቅአፈራሁ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው በእሪ በከንቱ ጎጆ ወጡ። በሠፈራችን «ሚስት ትጽፋለች፣ ባል ይለቅማል» እየተባለ የተቀለደባቸው እነዚህ ባልና ሚስት ሀናንና ምኞትን ወልደው በጥሩ ሥርዓት አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። አቶ ሉልሰገድ በ1998 ዓ.ም. ሲያርፉ ድንኳኑን የተከሉት፣ ሣህኑን ያጠቡት፣ አስከሬኑን የተሸከሙት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የእድር ሰዎች ነበሩ። ወይዘሮ ትብለጽ ያን ቀን እንደ ተራ ነገር አይተውት ማለፋቸውን ኋላ በጸጸት ያነሡት ነበር።

በመሥሪያ ቤታቸው መድረኮች ሁሉ አንድ ልማድ ነበር። ስብሰባው ሳይጀመር አንድ ቄስ ወይም አንድ ሼህ፣ አንዳንዴም ሁለቱም፣ ተነሥተው እንዲመርቁ ይጋበዛሉ፤ መርቀው ሲቀመጡ አጀንዳው ይጸድቃል። ከአጀንዳው በፊት የተነገረ ነገር ደግሞ በቃለ ጉባኤ አይገባምና፣ አባቶች ምንም ይበሉ ምን በወረቀቱ ላይ የምትሰፍረው «የሃይማኖት አባቶች መድረኩን ባርከዋል» የምትል አንዲት መስመር ነበረች። ወይዘሮ ትብለጽ ይህችን መስመር ስንት ጊዜ እንደጻፏት ሲጠየቁ «ጣቴ ከእኔ ቀድሞ ይጽፋት ነበር» ይሉ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ከሠፈራችን ግማሹ ለልማት እንዲነሣ ታስቦ ነዋሪው ለምክክር ተጠራ። እንዲመርቁ የተጋበዙት የወይዘሮ ትብለጽ የግድግዳ ጎረቤት፣ ከወሎ መጥተው በእሪ በከንቱ ልብስ ሲሰፉ ያረጁት ሼህ ሰላሀዲን ነበሩ። ሼህ ሰላሀዲን ማይክ የሚደርሳቸው ያን ጊዜ ብቻ መሆኑን ስለሚያውቁ የሠፈሩን ጭንቀት በዱዓቸው ውስጥ አስገብተው ተናገሩ፤ ሕዝቡም አሚን አለ። ወይዘሮ ትብለጽ አንድም ቃል ሳያስቀሩ በአጭር ጽሕፈት ደብተራቸው ያዙት። በማግስቱ ወደ ንጹሕ ሲገለብጡት ግን ከአጀንዳ በፊት የተባለ ነበርና፣ ሥርዓቱ እንደሚያዘው «ሼህ ሰላሀዲን መድረኩን በዱዓ ባርከዋል» ብለው አለፉት። ማንም ይህን አድርጊ አላላቸውም፤ ማንም አታድርጊ አላላቸውም። ውሳኔ የሰጡት ሰዎች ያን ወረቀት አንብበው ነዋሪው የተለየ አስተያየት እንደሌለው ተረዱ።

ቤት በዕጣ ደረሰ፤ የአንድ እድር ሰዎችም በአምስት አቅጣጫ ተበተኑ። የወይዘሮ ትብለጽ ቤት ሳይነሣ ሲቀር፣ ሼህ ሰላሀዲን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዐፊፋና ከልጃቸው ከኑሰይባ ጋር በከተማው ዳር አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው። ወይዘሮ ዐፊፋ በ2006 ዓ.ም. በዚያው ቤት አረፉ። መርዶው ለወይዘሮ ትብለጽ በስልክ ደርሷቸው፣ በሁለት ታክሲ ተሳፍረው ሲደርሱ ጀናዛው እየወጣ ነበር። እንደ ወጉ ሴቶቹ ከቤት ስለቀሩ እሳቸውም ከኮሪደሩ መስኮት ቆመው ተመለከቱ። ለመቅበር የመጡት ወንዶች ዘጠኝ ነበሩ። በእሪ በከንቱ ቢሆን ኖሮ መንገዱ በሰው ሞልቶ ቃሬዛውን ከትከሻ ወደ ትከሻ ይቀባበሉት ነበር፤ እዚያ ግን የሚያግዝ ትከሻ ስላልተገኘ፣ አስፋልቱ ጋ ቆሞ እስከሚጠብቃቸው መኪና ድረስ ዘጠኙ ሰዎች ቃሬዛውን ሦስት ጊዜ መሬት ላይ አሳርፈው ተነፈሱ። ወይዘሮ ትብለጽ ሦስተኛውን ሲያዩ የእናታቸው «የት ጣልሽው?» የሚል ጥያቄ በጆሯቸው እንደመጣባቸው፣ ከእህል ውኃም እንደተለዩ ልጆቻቸው ይመሰክራሉ።

በሳምንቱ ያን የአጭር ጽሕፈት ደብተር በቦርሳቸው ይዘው ወደ ሼህ ሰላሀዲን ቤት ወጡ። ሼሁ የተናገሩትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብበውላቸው፣ የጣሉት እሳቸው መሆናቸውን በግልጥ ነገሯቸው። ሼህ ሰላሀዲንም «እህቴ፣ አላህማ ጽፎታል፤ ችግሩ መሥሪያ ቤታችሁ የእሱን መዝገብ አያነብም» አሏቸው፤ ዳግመኛም ማይክ የሚባል ነገር እንደማይጨብጡ ማሉ። ይቅር ማለታቸውን ግን በዚያ ቀን አልተናገሩም፤ ወይዘሮ ትብለጽም አልጠየቁም።

በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ሁላችን ያርፋሉ ብለን ስንጠብቅ፣ እሳቸው ሳሎናቸውን ትምህርት ቤት አደረጉት። ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም ሰዎች እየጠሩ፣ ረቂቅ መመሪያ ሲወጣ አስተያየታቸውን በጽሑፍ አስገብተው የአጀንዳ ቁጥር እንዲጠይቁ፣ በምርቃቱ ጊዜ ሳይሆን አጀንዳው ከጸደቀ በኋላ እንዲናገሩ፣ በተፈቀደችው ሦስት ደቂቃም ነገራቸውን እንዲጨርሱ ያሠለጥኗቸው ጀመር። የአባታቸውን የእጅ ሰዓት ይዘው ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ብርጭቆውን በማንኪያ ይመቱ ነበር። ዛሬ ጸሎቱን የመሩልን ቀሲስ ዘርኡ በመጀመሪያው ልምምድ ብርጭቆው ሲመታ ገና የምክትል ሰብሳቢውን ማዕረግ እየጠሩ ስለነበር «ኧረ እኔ ገና በር ላይ ነኝ» ቢሉ፣ «አባ፣ በሩ ተዘግቷል» ተብለው ተቀመጡ። የመስጊዱ ሽማግሌ ሐጂ ሱሀይብም ከዚህ አልተሻሉም፤ የተሰብሳቢውን ጤና፣ የቤተሰቡን ጤና፣ የአገሩን ጤና ጠይቀው ሳይጨርሱ ማንኪያው ቀደማቸው።

ሌላም ሕግ ነበራቸው፤ ማንም ሰው የራሱን ወገን ብቻ ይዞ እንዲነሣ አይፈቅዱም ነበር። ስለ ድምፅ ማጉያ ረቂቅ በወጣ ጊዜ ቀሲስ ዘርኡ ስለ አዛን፣ ሐጂ ሱሀይብ ስለ ማኅሌት ተከራክረው፣ መድረክ መሪው ማን የማን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ሁለቱንም ደግመው አዳመጧቸው። እውነቱን ለመናገር ከሄዱባቸው መድረኮች በአብዛኛው ሰሚ ሳያገኙ ተመልሰዋል፤ በአንዳንዱም ከበር ተመልሰዋል። ወይዘሮ ትብለጽ ግን ጉልበታቸው እያመማቸው፣ በነጠላቸው ላይ ሹራብ ደርበው፣ የሚቀጥለውን ረቂቅ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ገልብጠው ሲመጡ ባየናቸው ቁጥር እጃችንን በአፋችን እንጭን ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የቀረው የሠፈራችን ክፍል የመነሣት ተራ ሲደርስ ወይዘሮ ትብለጽ ዳግም እንዲናገሩ ሼህ ሰላሀዲንን ሄደው ለመኗቸው። ሼሁ መሐላቸውን አላፈረሱም፤ ነገር ግን መጥተው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። አጀንዳው ጸድቆ አራተኛው ነጥብ ሲጠራ ቀሲስ ዘርኡ ተነሡና፣ ያለ ማዕረግ፣ ያለ ሰላምታ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በዱዓ ውስጥ የተነገረውን፣ ወይዘሮ ትብለጽ ከደብተራቸው እያነበቡ ያስጠኗቸውን የሼሁን ቃል፣ በስማቸው ጠርተው በቃላቸው አሉት። ሁላችን ቀሲስን ስናይ ወይዘሮ ትብለጽ ያዩ የነበረው የወጣቷን ቃለ ጉባኤ ያዥ እጅ ነበር፤ እጇ ሳይቆም እስከ መጨረሻው ሲጽፍ አይተው ዕንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

በኋላ በወጣው መመሪያ አብረው መነሣት የሚፈልጉ የእድር አባላት ጥያቄ «ሊታይ ይችላል» የምትል ሐረግ ተገኘች። ወጣቶቹ «ይህ ምን ዋጋ አለው?» ቢሉ፣ ወይዘሮ ትብለጽ «እኔ አርባ ዓመት ጽፌአለሁ፤ ‘ሊታይ ይችላል’ ለመወለድ ስንት ምጥ እንዳለው እኔን ጠይቁኝ» አሏቸው። በዚያች ሐረግ አርባ አንድ ቤተሰብ ከነድንኳኑ፣ ከነድስቱ፣ ከነጡሩምባው በአንድ መንደር ሠፈርን። በወይዘሮ ትብለጽ እጅ አርባ ሁለተኛ ሆነው በመዝገቡ የተጻፉት፣ ቤታቸውን ቀይረው ከልጃቸው ጋር ወደ እኛ የተመለሱት ሼህ ሰላሀዲን ናቸው። ይህን ሁሉ ያደረጉት ሥልጣን የሌላቸው አንዲት ጡረተኛ መሆናቸውን ስናስብ ዛሬም ይደንቀናል።

አንድ ነገር ብቻ አልተሳካላቸውም። የ2003ቱ ቃለ ጉባኤ እንዲታረም ስምንት ጊዜ አመለከቱ፤ ስምንት ጊዜም «የተዘጋ ቃለ ጉባኤ አይከፈትም» የሚል መልስ ተሰጣቸው። ደንቡን በጽሕፈት መኪና የመቱት ራሳቸው ነበሩና መልሱ ትክክል መሆኑን ያውቁ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የልብ ሕመም ጸንቶባቸው በሐኪም ሲረዱ ቆዩ። ያን አጭር ጽሕፈት ሌላ የሚያነበው ሰው ስለሌለ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የልጅ ልጃቸው ሉዋም ትራስ እየደገፈችላቸው ቃሉን በራሳቸው እጅ በረዥሙ ገለበጡት፤ ለእድሩ ጸሐፊም ሰጥተው «ስሞት በሕዝብ ፊት አንብበው፤ ግን ከጸሎቱ ጋር አታድርገው፣ በታሪኬ መካከል አስገባው፤ ምርቃት ነው ተብሎ እንዳይታለፍ» ብለው አዘዙት። ትናንት ጠዋት፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ገልብጠው የሰጡን የሼህ ሰላሀዲን ቃል እነሆ እንዲህ ይላል፦

«ቢስሚላሂ። ልማት አንጠላም፤ ጣራው የሚያፈስበት ሰው ልማት አይጠላም። ስታነሡን ግን አብራችሁ አንሡን እንጂ በዕጣ አትበትኑን። በዚህ ሠፈር ሰው ሲሞት ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ጡሩምባ ሰምቶ ይወጣል። ያ ጡሩምባ የማይሰማበት ብትወስዱን ቤት ሰጣችሁን እንጂ ጎረቤት ነሣችሁን። ሕያው ሰው የትም ይኖራል፤ ሬሳ ግን ራሱን አይሸከምም። ያ ረቢ፣ ይህን የሚሰማ ጆሮ ስጣቸው። አሚን።»

ቀጥሎ ያለው ዛሬ ጠዋት በኅዳጉ ላይ የተጨመረ ነው። የወይዘሮ ትብለጽ አስከሬን በአዲሱ መንደር ካለው ቤታቸው ወጥቶ መኪናው ጋ እስኪደርስ መንገዱ በሰው ሞልቶ ነበር። ጸሐፊው የተቀያየሩትን ትከሻዎች ሊቆጥር ጀምሮ መቶ ሲያልፍ ተወው፤ ቃሬዛው አንድ ጊዜም መሬት አልነካም። የመጀመሪያው ትከሻ ግን የማን እንደነበረ ሁላችሁም አይታችኋል። የሰማንያ አራት ዓመቱ ሼህ ሰላሀዲን ምርኩዛቸውን ለኑሰይባ ሰጥተው፣ ወጣቶቹ ተዉ ቢሏቸው «ይህን እንኳ አትከልክሉኝ፤ ለእህቴ ነው» ብለው ሰባት እርምጃ ተሸከሟቸው።

ወይዘሮ ትብለጽ ሁለት ሴት ልጆችን፣ አንዲት የልጅ ልጅንና አንድ ያልተበተነ እድር ትተው አልፈዋል። የሰው ቃል እንዳይጐድል የደከሙትን እናታችንን፣ ስማቸውን በሕይወት መጽሐፍ ሳያጐድል የሚጽፈው አምላክ በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸው፣ ለወዳጆቻቸውና ለጎረቤቶቻቸውም ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።