ለራሱ የተላከ ሽማግሌ

(ኮምቦልቻ፣ የአንድ ብስኩት ፋብሪካ ቢሮ ኮሪደር፣ ጠዋት፤ ለእንፋሎት ቦይለር ኦፕሬተርነት ሊፈተኑ የመጡት አቶ ጓንጉልና ልጃቸው ረድኤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ይጠብቃሉ።)

ረድኤት፦ እንደገና። "ስለ ራስዎ ይንገሩን" አሉህ። ምን ትላለህ?

ጓንጉል፦ ጓንጉል ይመር እባላለሁ። አባቴ ይመር አሊ ሐይቅ አካባቢ የታወቁ፣ የተከበሩ…

ረድኤት፦ አባዬ፣ የሚቀጥሩት አያቴን አይደለም።

ጓንጉል፦ ታዲያ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳያውቁ እንዴት ያምኑኛል?

ረድኤት፦ ባለፈውም ከአያቴ ጀምረህ ቀብራቸው ላይ ስትደርስ ሰዓቱ አለቀ። ከዚያ በፊት ደግሞ "ተቀመጡ" ሲሉህ "ቆሜ ይሻለኛል" ብለህ ሰዎቹን አስጨነቅካቸው። ሦስት መስመር ጽፌልሃለሁ፣ እሱን ብቻ በል።

ጓንጉል፦ አየሁት። "ከፍተኛ ልምድ ያለኝ፣ ታታሪና ውጤታማ ባለሙያ ነኝ" ይላል። ይህን በገዛ አፌ ልበል?

ረድኤት፦ ታዲያ በማን አፍ?

ጓንጉል፦ ሰው ይበልልኛ። አንቺ ግቢና ንገሪያቸው።

ረድኤት፦ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ልጁን አስከትሎ ሲፈተን አይተህ ታውቃለህ?

ጓንጉል፦ ራሱን እያሞገሰ የማያፍር ሰውም አላየሁም።

ረድኤት፦ እሺ፣ ሙገሳው ይቅር። ድሮ የነበርክበት ፋብሪካ ምን ትሠራ ነበር?

ጓንጉል፦ ከሺፍቱ ልጆች ጋር ተባብረን ቦይለሩን እናንቀሳቅስ ነበር።

ረድኤት፦ "አንቀሳቅስ ነበር" በል። አንድ ጊዜ "እኔ" ብትል ምን ትሆናለህ?

ጓንጉል፦ ልጆቹ ምን ይሉኛል?

ረድኤት፦ ልጆቹ እዚህ የሉም። እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ለአራተኛ ጊዜ ከሥራ አስፈቅጄ። አለቃዬ ዛሬ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ጓንጉል፦ ማን ነይ አለሽ?

ረድኤት፦ "ይህም ካልሆነ ወንድሜ ጋ ሄጄ እቀመጣለሁ" ያልከው ማን ነው? በዚህ ዕድሜህ የሰው ቤት ጥግ ልትይዝ? አንጀቴ አርሯል፣ አባዬ። ሃያ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ሁለት ደቂቃ ስለ ራሱ ማውራት አቅቶት ቤት ሲውል ማየት ሰልችቶኛል።

ጓንጉል፦ እኔስ የሰለቸኝ አልመሰለሽም?

ረድኤት፦ ምላስ የለህም እንዳልል፣ ሰፈሩ ሁሉ ሚስት ሊጠይቅ ሲፈልግ የሚልከው አንተን ነው። ለጎረቤታችን ለደሳለ ሽማግሌ ሆናችሁ ስትሄዱ የልጅቷ አባት እምቢ ብሎ አልነበር?

ጓንጉል፦ ሦስት ጊዜ መለሰን። ሦስቴም ሳንቀመጥ ነው የወጣነው።

ረድኤት፦ በአራተኛው ምን ብለህ አሳመንከው?

ጓንጉል፦ እውነቱን ነዋ። "ልጁ ይጠጣ ነበር፣ አሁን ትቷል" አልኩ። ሽማግሌ ጉድለቱን ከደበቀ ሙገሳውን ማን ያምነዋል?

ረድኤት፦ ቆይ። እኔ የልጅቷ አባት ነኝ። ሙሽራው ጓንጉል ይባላል። ለእሱ ተልከህ መጥተሃል።

ጓንጉል፦ ሰው ያየናል፣ ተይ።

ረድኤት፦ ይየን። ቀጣዩ ተራ ያንተ ነው። ጀምር።

ጓንጉል፦ እሺ… እንግዲህ ጌታዬ፣ የላከን ሰው ጓንጉል ይባላል። ቦይለር ያውቃል። ድምፁን ከበር ላይ ሰምቶ የቱ ጋ እንደታመመ ይናገራል። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ፣ እሱ ሺፍት ላይ እያለ እንፋሎት ያቃጠለው ሰው የለም። ያሠለጠናቸው ስድስት ልጆች ዛሬ በየፋብሪካው ኦፕሬተር ሆነዋል።

ረድኤት፦ ይኸው! ይህ ሁሉ የት ነበር?

ጓንጉል፦ አላለቀም። ጉድለትም አለበት።

ረድኤት፦ እሱ ይቅር።

ጓንጉል፦ አይቀርም። ከሥራው ተባርሯል።

ረድኤት፦ ተቀንሷል በል እንጂ። ሠራተኛ ሲቀንሱ አይደል የወጣኸው?

ጓንጉል፦ ለአንቺ እንደዚያ ብያለሁ።

ረድኤት፦ ለእኔ?

ጓንጉል፦ ግፊት ሲበዛ እንፋሎቱን የሚያስወጣው ቫልቭ ተጣብቆ ነበር። "ሥራ ተከምሯል፣ ነገ ይጠገናል፣ አሁን አስነሳ" አሉት አለቆቹ። ይፈነዳል፣ አላስነሳም አለ። የክፍሉን በር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። "ትእዛዝ አልቀበልም ያለ" ብለው በደብዳቤ አሰናበቱት።

ረድኤት፦ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ደበቅከኝ?

ጓንጉል፦ የተባረረ ሰው ልጅ እንድትባይ አልፈለግሁም። "ለምን ወጣህ?" እንዳይሉኝ ነው ስለ አባቴ እያወራሁ ሰዓቱን የምገፋው።

ረድኤት፦ እኔ ደግሞ ዓይን አፋርነት መስሎኝ ስጨቀጭቅህ! በጣም ነው ያናደድከኝ፣ አባዬ። ስንት ሰው ነበር ውስጥ?

ጓንጉል፦ በዚያ ሺፍት? አርባ ሦስት።

ረድኤት፦ አርባ ሦስት ሰው… ይህንን ነው ጉድለት የምትለው?

ጓንጉል፦ ደብዳቤው እንደዚያ ይላል።

ረድኤት፦ የልጅቷ አባት ምን እንደሚል ልንገርህ? ልጄን የምሰጠው ለዚህ ጉድለቱ ስል ነው።

ጓንጉል፦ እንዲህ ብዬ ልንገራቸው?

ረድኤት፦ አሁን ለኔ እንደነገርከኝ። ይኸው፣ ስምህን ጠሩ። ተቀመጥ ሲሉህ ተቀመጥ። አባዬ፣ ወረቀቱን ረሳኸው።

ጓንጉል፦ አንቺ ጋ ይቆይ። የላከኝን ሰው አውቀዋለሁ።