የጎልፍ መኪናዋ ካርቦን

ካዛንቺስ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ከበሩ እስከ ሕንፃው ዳገት ስለሆነ፣ መራመድ የሚያቅታቸውን ታካሚዎች በባትሪ በምትሠራ የጎልፍ መኪና የሚያመላልሱ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ሹፌር አሉን። አንድ ቀን መኪናዋ ዳገቱ መሀል ቀጥ አለች። አለቃችን ምን ሆና ነው ሲለኝ፣ ሳልከፍታት "ሞተሩ ተቃጥሏል፤ አነዳድ ነው" አልኩት። በቃ፣ ጋሽ ታደሰን ከመኪናዋ አንስቶ በር ላይ ጥበቃ አደረጋቸው።

በሳምንቱ ሞተሩን አውርጄ ሽቦውን ለማስጠቅለል ቡልጋሪያ ሰፈር ወሰድኩት። ጠቅላዩ ከፈተውና ሳቀ። "ማን ነው ተቃጠለ ያለህ? ካርቦኑ እኮ ነው ያለቀው።" ለሞተሩ ኮረንቲ የሚያቀብሉት አራቱም ካርቦኖች ጥፍር አክለው ቀርተዋል። በየጊዜው እያየሁ መቀየር የነበረብኝ እኔ ነኝ። አዲስ ሲያስገባበት ሞተሩ ወዲያው ተሽከረከረ፤ እኔ ግን ደስ አላለኝም።

ስመለስ በሩ ላይ አገኘኋቸው። "ጋሽ ታደሰ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ካርቦን ነው ያለቀው።"

"ጉልበት አነሳት ብዬ ሁለቴ ነግሬህ ነበር እኮ" አሉኝ ሳይቆጡ።

"ታዲያ ለአለቃው ለምን አልነገሩትም?"

"መካኒኩ አንተ ነህ፤ እኔን ማን ይሰማኛል?"

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳቸው።

"ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ንገረው።"

አለቃው ቢሮ አብረን ገባን። እሳቸው ፊት "አነዳድ ነው ያልኩት ውሸቴን ነው፤ ሞተሩን ከፍቼ አላየሁትም ነበር" አልኩ። አለቃው የመኪናዋን ቁልፍ ሲመልስላቸው ጋሽ ታደሰ ተቀብለው ወጡ።