በነሐሴ የማይሞትበት ሰፈር፦ የወይዘሮ ዲርቼ ጋስፔሮኒ ዜና ሕይወት

የፖርቶ ቬርዞሎ ምእመናን፣ ዘመዶቻችንና ጎረቤቶቻችን፣ እንዲሁም በስተኋላ ፎጣ ትከሻችሁ ላይ ጣል አድርጋችሁ የቆማችሁ እንግዶቻችን፤ በዚህ ቤተ ክርስቲያን የአንዲት የፔንሲዮን፣ ማለትም የእንግዳ ማረፊያ ቤት፣ ባለቤት ዜና ሕይወት በነሐሴ ወር፣ በቀን፣ በአደባባይ ሲነበብ በሰማንያ ሁለት ዓመት ዕድሜዬ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። አንባቢውም እኔ የሟች ታናሽ ወንድም ኢቮ ነኝ። የመጀመሪያ የሆነበትን ምክንያት የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል፤ እንግዶቻችንም እያነበብሁ ስሄድ ትረዱታላችሁ።

ወይዘሮ ዲርቼ ከአባታቸው ከአቶ ፕሪሞ ጋስፔሮኒና ከእናታቸው ከወይዘሮ አርጂያ እ.ኤ.አ. በ1934 በወደቡ ቦይ ዳር በምትገኝ ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። አባታቸው በባለ ሸራ ጀልባ ሰርዲን እያጠመዱ፣ እናታቸውም ያንኑ ሰርዲን በብስክሌት ጭነው በገበሬዎቹ መንደር እየዞሩ እየሸጡ አሳደጓቸው። በዚያ ዘመን የእኛ ሰው ለባሕሩ ጀርባውን ሰጥቶ ይኖር ነበር፤ መስኮቱ ሁሉ ወደ ቦዩ ይከፈታል፣ አሸዋውም እሾህ ከማብቀል አልፎ የሰው መተኛ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ትምህርታቸውን እስከ አምስተኛ ክፍል እንደ ተከታተሉ ጦርነቱ በመንደራችን በኩል በማለፉና ትምህርት ቤቱ በመፍረሱ በዚያው ቀሩ።

ዕድሜያቸው ለሥራ ሲደርስ ከጦርነቱ በኋላ በተከፈተ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ፤ በዚያም ማጠብን ብቻ ሳይሆን እንግዳን ማወቅን፣ ጀርመንኛን እስከ ቀልዱ መናገርን ተማሩ። የሚላኖ ሰው ለዕረፍት መጥቶም ይቸኩላል፣ ዕረፍቱን ጨርሶ ለማረፍ ነው የሚሮጠው እያሉ ያስቁን ነበር። ከግንበኛው ከአቶ ኔቪዮ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ከተጣመሩ በኋላም ባለቤታቸው በገዛ እጃቸው፣ በየብርዱ ወራት አንድ አንድ ፎቅ እየጨመሩ፣ ዛሬ ሁላችሁም የምታውቁትን ፔንሲዮን አውሮራን ሠሩ። በእንግዳ ወራት ግን ባለቤቶቹ በሠሩት ቤት አይተኙም ነበር፤ አልጋውን ሁሉ ለእንግዳ ለቀው አባት፣ እናት፣ ልጃቸው ሳውሮና ታናሽ እህቱ ኦርኔላ በጋራዡ ውስጥ በቲማቲም ሣጥኖች መካከል ፍራሽ አንጥፈው ያድሩ ነበር። ይህንንም ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያደርገው ማንም እንደ ችግር አልቆጠረውም።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ደረስሁ። ባቡር ሐዲዱ ከተማችንን ለሁለት እንደሚከፍላት፣ ከሐዲዱ ወደ ባሕር ያለው የእንግዳ፣ ወደ ተራራው ያለው የእኛ እንደ ሆነ፣ ቤተ ክርስቲያኑም መቃብሩም በእኛ ወገን እንዳሉ ታውቃላችሁ። ከሐዲዱ ወደ ባሕር በነሐሴ ሰው አይሞትም የሚል አባባልም ነበረን። የእንግዳ ደስታ እንዳይደፈርስ የሞት ማስታወቂያ ከሐዲዱ ወዲያ አይለጠፍም፣ ደወል አይደወልም፤ አስከሬን ጎሕ ሲቀድ በማድ ቤት በር ይወጣና እንግዳ ቁርሱን ሳይጠይቅ ይቀበራል፣ ልቅሶውም እስከ መስከረም ይቆያል። ይህን ሕግ ማንም አላወጀውም፤ ሁላችንም ግን አጸናነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 በነሐሴ መጀመሪያ፣ ጋርቢኖ የተባለው ትኩስ ነፋስ በሚነፍስበትና ባል ከሚስቱ ጋር መከራከር በሚፈራበት በአንድ ቀን፣ እንግዶቹ ምሳ በልተው በተኙበት ሰዓት አቶ ኔቪዮ በማድ ቤት ወለል ላይ ወድቀው በልብ ሕመም አረፉ። ወይዘሮ ዲርቼ ዐይናቸውን ከደኑላቸው፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ የእራቱንም ውሃ ጣዱ። ማታ እንግዶቹ አቶ ኔቪዮ የት ሄዱ ብለው ሲጠይቋቸው፣

«ተራራ፣ እህቱ ዘንድ ወጣ። ሳንባው ቀዝቀዝ ያለ አየር ይፈልጋል» አሉ፤ ሾርባውንም ሳይፈስስ አደሉ።

ሳውሮ ትልቅ ልጅ ስለ ነበር ተነገረው፣ አፉንም እንዲይዝ ታዘዘ። ኦርኔላ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከእንግዶቹ ጋር ስትጫወት የምትውል ስለ ነበረች ለእሷም ያው ለእንግዳ የተነገረው ተነገራት። እሷም አመነች። በአሸዋው ላይ ከዣንጥላ ዣንጥላ እየሮጠች «አባዬ ተራራ ሄዷል፣ አይብ ያመጣልኛል!» እያለች ለባቫሪያ ሴቶች ስታወራ ሁላችንም ሰማን። በፍልሰታ በዓል ምሽት በግቢው መብራት ሥር ስትጨፍር፣ ሳቋ እስከ ውሃው ዳር ሲሰማ፣ እኛ አባቷን በማድ ቤት በር ተሸክመን ያወጣን ጎልማሶች አንገታችንን ደፍተን ሐብሐብ እንቆርጥ ነበር። አንዳችንም አልነገርናትም። የመጨረሻዎቹ እንግዶች በመስከረም ከሄዱ በኋላ እናቷ ደረጃው ላይ አስቀምጠው እውነቱን ነገሯት። ልጅቱ ወዲያው አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦

«ስንት ቀን ነው ሳላውቅ የሳቅሁት?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ዲርቼ የልጃቸውን ይቅርታ ከማግኘት በቀር ከዚህ ዓለም የፈለጉት ሌላ ነገር እንዳልነበረ እኔ ወንድማቸው እመሰክራለሁ።

በተከታዩ ዓመት፣ ባለቤታቸው ባረፉበት ቀን፣ የእራት ሰዓት ላይ በእንግዶቻቸው ፊት ቆመው፣ ባሌ በዚህ ቀን በዚህ ቤት ሞቷል፣ ያኔ ዋሽቻችኋለሁ፣ ጸልዩለት ብለው በጀርመንኛም በጣሊያንኛም ተናገሩ። ማንኪያ ሁሉ ባለበት ቆመ። ጥቂት እንግዶች በማግሥቱ ሻንጣቸውን ያዙ፤ የሆቴል ባለቤቶችም ተሰብስበው መጥተው «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ለመዋኘት ነው የመጣው ወይስ ለተዝካር? ልታዘጊን ነው እንዴ!» ብለው ጮኹባቸው። እሳቸው ግን በየዓመቱ በዚያው ቀን ቆመው ከመናገር አላቋረጡም፤ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ የሰደባቸውንም ሰው እኔ ወረቀቱን ልሁን፣ ወረቀት የተጻፈበትን አይክድም ብለው አሳፍረው መለሱት።

ኦርኔላ ግን በየዓመቱ እንግዳ ሲገባ ተራራ የአባቷ እህት ዘንድ ትሄድ ስለ ነበር ይህን አንድም ቀን አላየችም። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ቶሪኖ ሄዳ መምህርት ሆነች፤ የምትመጣውም በኅዳር፣ ባሕሩ ጭጋግ ሲለብስና መዝጊያው ሁሉ ሲዘጋ፣ የአባቷን መቃብር ለመጎብኘት ብቻ ነበር። እናቷ በየዓመቱ የሚያደርጉትን አንድ ጊዜ እኔው ብነግራት፣

«ለእንግዶቹ ነገረቻቸው? አሁንም ለእንግዶቹ!» ብላ ካፖርቷን አንሥታ ወጣች።

በዚህ ዓመት ሐምሌ ሲገባ ወይዘሮ ዲርቼ ልባቸው ደከመ። ፔንሲዮኑ ሞልቶ ነበርና ልጃቸው ሳውሮ ለኦርኔላ ከፍልሰታ በኋላ ብንነግራት ይሻላል አለ፤ እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ራሴን ነቀነቅሁ። እህቴ ከትራሳቸው ቀና ብለው፣

«ደግሞ ልትደብቋት ነው? አሁን ደውሉ! እፊቴ ደውሉ!» ብለው ጮኹ፤ የዚያን ዕለት ብቻ የድሮው ድምፃቸው ተመለሰ።

ኦርኔላ ከልጅነቷ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግዳ ወራት መጣች። ባዶ ክፍል ስላልነበረ በእናቷ አልጋ ሥር ፍራሽ አንጥፋ አስታመመቻቸው። በአንዱ ቀን ወይዘሮ ዲርቼ የአባትሽን ሞት የደበቅሁሽ ለእንግዶቹ ብዬ ብቻ አልነበረም አሏት፤ ኔቪዮን ቀብሬ ስመለስ በዚያ ቤት ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር ያንቺ ሳቅ ብቻ ነበር፣ እሱ ከቆመ የማልነሣ መሰለኝ፣ ለራሴ ብዬ ነው ያሳቅሁሽ፣ ኃጢአቴ ይህ ነው አሏት።

«እማዬ፣ ይሄንን ለመናገር ይሄን ሁሉ ዘመን ትቆያለሽ?» አለች ኦርኔላ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ምን እንደ ተባባሉ አላውቅም፤ በሩን ዘግቼ ወጥቻለሁ። ባለፈው ዓርብ ማለዳ ወይዘሮ ዲርቼ በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደ ያዘች፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሳውሮ እንደ ልማዱ የማድ ቤቱን በር ሊከፍት ሲሄድ እኅቱ መንገዱን ዘጋችበት፤ አስከሬናቸውም ዛሬ በዋናው በር ወጥቶ፣ በባሕሩ ጎዳና፣ በአይስክሬም ሻጮቹ ፊት ለፊት አልፎ፣ ሐዲዱን ተሻግሮ እዚህ ደርሷል።

ወይዘሮ ዲርቼ አንድ ወንድ ልጅ፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ አንድ ወንድምና የጸኑ ብዙ እንግዶች፣ እንዲሁም ሴት ልጃቸውን ኦርኔላን ትተው ሄደዋል። በዚህ ቦታ ላይ እኔ በወጉ መሠረት፣ እናትና ልጅ ፍጹም ይቅር ተባብለው ተለያዩ ብዬ ጽፌ ነበር። ኦርኔላ ትናንት ወረቀቱን ስታነብ እስክሪብቶ አንሥታ ሰረዘችው።

«አጎቴ፣ እንግዳ ለማስደሰት ብለህ አትጻፍ» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ልበል፣ ልጄ? ባዶ ልተወው?»

«ኦርኔላ እናቷን መስማት ጀምራ ነበር በል። ጀምራ ነበር፤ አልጨረሰችም።»

እንዳለችው አንብቤዋለሁ። ልዑል እግዚአብሔር የእኅታችንን ነፍስ ከባለቤታቸው ነፍስ ጋር በዕረፍት ቦታ ያኑርልን፤ ሁለቱ ጀምረው ያልጨረሱትን እሱ ይፈጽመው፤ ያቺ ልጅ ስትስቅ እያየን ዝም ያልነውንም እኛን ይማረን። አሜን።