ቀጥ የሚለው ኮምፒዩተር

ኦርቪል ሃስኪንስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1988 ክረምት፣ በአንዲት ትንሽ የሚኒሶታ ከተማ፣ በእሳት አደጋ ጣቢያው ደረጃ ላይ ከዳርሊን ኮዋልስኪ ጋር ድንገት ተገጣጠሙ። ዳርሊን ኮሌጅ ከጨረሰች ዓመት ያልሞላት የሥራ ባልደረባው ነበረች።

«ምነው፣ እሳት ተነሣ እንዴ?» አላት።

«የጥሪ መቀበያው ኮምፒዩተር እንደገና ቀጥ አለ፣ ሚስተር ሃስኪንስ። ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ የከተማው የእሳት አደጋ ጥሪ ሁሉ ወደ እሱ ሊዞር ነው።»

«አጥፍተሽ አብሪያት! ጠዋት ጠዋት እንዲያ ካደረግን ውላ ታድራለች።»

«የሰው ቤት እየነደደ ቀጥ ብትልስ?»

ኦርቪል ፊቱን አጠቆረ። ልማድ ክፉ ነው፤ ሲነኩት ቁጣ ያውሳል።

«ለእያንዳንዱ ጥሪ ከማኅደረ ትውስታው ቁራሽ ቦታ እንወስዳለን» አለች ዳርሊን በትሕትና። «አንድ ቦታ ላይ ግን ሳንመልስ እንቀራለን። ቦታው ሲያልቅ ኮምፒዩተሩ ‹የለም› ይለናል፤ እኛ መልሱን ሳናይ ባልተሰጠን ቦታ እንጽፋለን፤ ያኔ ቀጥ ይላል።»

«እኔ የወሰድኩትን እመልሳለሁ! ትናንት የተመረቀ ሁሉ ሊያስተምረኝ ነው?»

«እንፈትሸው። ከተሳሳትኩ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።»

ቦታ በተወሰደና በተመለሰ ቁጥር፣ ከፕሮግራሙ መስመር ቁጥር ጋር በወረቀት እንዲታተም አድርጋ ነበር። ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍል ገብተው ለሙከራ መቶ ሃያ የሐሰት ጥሪ አስገቡ። ማተሚያው ተንጫጫ። የጣቢያው አዛዥ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። የተመለሰው መቶ ዘጠኝ ብቻ ሆነ። የጎደሉት አሥራ አንዱም ደዋዩ አድራሻ ሳይሰጥ ስልኩን የዘጋባቸው ነበሩ።

ኦርቪል ያችን መስመር አወቃት። ስልኩ ሲዘጋ፣ ፕሮግራሙ ቦታውን ሳይመልስ ወደ መጀመሪያው ይዘላል። የጻፋት እሱ ራሱ ነው። ጆሮው ጋለ።

«ዝግጁ ናችሁ?» አለ አዛዡ።

ዳርሊን አንገቷን ደፋች። መልሱን ለእሱ ተወችለት።

«አይደለንም» አለ ኦርቪል። «ስሕተቱ የእኔ ነው። እስከ ሰኞ ጊዜ ስጠን።»

አዛዡ ተነጫንጮ ሄደ። ኦርቪል ወንበር ስቦ ከዳርሊን አጠገብ ተቀመጠ። «በይ አሁን እንዴት እንዳደረግሽው አሳዪኝ» አላት።

ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ የወሰደውን ይመልሳል፤ ‹የለም› ሲባልም ሠራተኛውን ያስጠነቅቃል እንጂ ዝም ብሎ አያልፍም። ቀን ሙሉ በግምት ይፈለግ የነበረው ጥፋትም በዳርሊን ዘዴ በአንድ ሰዓት ይገኛል። በመጋቢት የእንጨት መጋዘን ሲቃጠል ጥሪው እንደ ጎርፍ ወረደ፤ ኮምፒዩተሩም ቀጥ ሳይል እስከ መጨረሻው ተቀበለው። በዚያ ቀን ከመጋዘኑ ሰባት ሠራተኞች በሕይወት ወጡ።