ከወንዙ ዳር የተነሳው ካብ

በደርግ ጊዜ ነው፤ ክረምት ሊገባ ሲል ከጀውሃ ወደ ሸዋ ሮቢት በአውቶቡስ ስሄድ፣ ከፊቴ አንዲት ሙስሊም እናትና የማያውቁት አንድ ጎልማሳ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር።

«ደጋው ጠቁሯል። ዛሬ ወንዙ ሳይሞላ አይቀርም» አሉ እናትየዋ።

«እኔም እሱን ነው የፈራሁት፣ እናቴ።»

«ምነው? እርሻ አለህ?»

«የለኝም። ከወንዙ ዳር ጠጠር የምናወጣው እኛ ነን።»

«ውሃው ወደ ማሳ እንዳይገባ ካብ ሠርታችሁ የለም እንዴ? ልጄ ሲያመሰግናችሁ ነበር።»

«ሠርተን ነበር። ከወንፊት የተረፈውን ድንጋይ፣ የፈረሰውን ድልድይ ስብርባሪ ሳይቀር ደርድረን።»

«ነበር ትላለህ?»

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የሚሠራው መንገድ ለአብዮት በዓል መድረስ አለበት፣ የካቡ ድንጋይም ይጫን ተባለ። ክረምቱ ይለፍ ብላቸው፣ ካድሬዎቹ ፀረ አብዮት ነህ ወይ አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ትናንት ግማሹ ተጭኖ ሄደ።»

«በየት በኩል ያለው?»

«በማንጎ ተክሉ በኩል።»

«ያ ረቢ! ልጄ ከነሚስቱ እዚያው ነው ያለው! ሹፌር፣ አውርደኝ!»

አውቶቡሱ ቆመ። ሰውየውም ተነሳ።

«ይጠብቁኝ፣ አብረን እንሂድ። አቋራጩን አውቀዋለሁ።»

«ሥራህስ? ከጠፋህ አይለቁህም እኮ።»

«ይሁን፤ ይውረዱ ብቻ።»

አውቶቡሱ ሲነሳ ሁለቱ ወደ ወንዙ ሲሮጡ አየሁ፤ ዝናቡ ሲጀምር መስኮቱን ዘጋሁት።