ጁሊን እምቢ ማለት አቅቶኝ የገዛሁት ብስክሌት

እትዬ በላይነሽ እዚህ ውጭ አገር፣ ፉትስክሬይ በሚባለው ሰፈር ቤታቸው፣ ከእሁድ አምልኮ በኋላ ሻይ ልንጠጣ ለተሰበሰብን የቤተ ክርስቲያን ልጆች እንዳጫወቱን፤ ቃላቸው እንዳለ ነው የተጻፈው።

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ብስክሌት የወንድ ነበር፤ ያውም የኪራይ። ኮልፌ እኛ ሰፈር መጨረሻ ላይ አንድ አከራይ ነበረ፣ ወንዶቹ ሳንቲም ያጠራቅሙና ለግማሽ ሰዓት ተከራይተው ሰፈሩን ያምሱታል፣ እኛ ሴቶቹ አጥር ሥር ቆመን እናያለን። አንድ ቀን ወንድሜን "እስቲ እኔም አንዴ ልውጣበት" ስለው እናቴ ከጓሮ ሰማችኝ። "አንቺ! እኔ ቆሜ እያየሁ ብስክሌት ላይ ልትወጪ? ነይ ግቢ!" አለች። ገባሁ። በቃ፣ በዚያው ቀረ። እና ስድሳ ሦስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ብስክሌት የሚባል ነገር በእጄም ነክቼ አላውቅም። እሱን ያዙልኝ።

ታዲያ እኔ የምሠራው እዚህ ማሪቢርኖንግ፣ የአረጋውያን ቤት ኪችን ውስጥ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሾርባ ነው፣ የተፈጨ ድንች ነው፣ ጥርስ ለሌላቸው የላመ ምግብ ነው። አለቃችን ጁሊ ትባላለች። ጁሊ እኮ ጥሩ ሰው ናት! እናቴ አገር ቤት ስታርፍ የኔን ሺፍት ራሷ ሸፍና "ሂጂ ቤትሽ አልቅሺ" ያለችኝ ናት። እና አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ወረቀት ይዛ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። "ቤል" ነው የምትለኝ፣ በላይነሽ አይወጣላትም። "ቤል፣ አዲስ ነገር መጥቷል። መሥሪያ ቤቱ ብስክሌት ይገዛልሻል። ዋጋው ታክስ ሳይነካው ከደመወዝሽ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይቆረጣል፣ ስለዚህ የሱን ታክስ አትከፍዪም። አንቺ ሥራ የምትመጪበት ይሁን እንጂ ሌላ ምንም ጣጣ የለውም" አለችኝ።

እኔ ምን ቆርጦኝ? አውቶቡሱ ደጃፌ ላይ ነው የሚቆመው። ግን ጁሊ ታስረዳለች። ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው ትስልልኛለች፣ "ይሄ ደመወዝሽ፣ ይሄ ታክስ፣ ብስክሌቱ እዚህ ጋ ነው የሚገባው፣ አየሽ?" ትለኛለች። ሳንድዊቿን አልበላችም፣ ሻይዋ በረደ፣ የምሳ ሰዓቷ አለቀ። አሁን ሰው ምሳውን ትቶ እንዲህ ሲለፋልሽ "አልፈልግም" ይባላል? ንገሩኝ እስቲ! አይባልም! ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ እኮ። በመጨረሻ "መንዳት ትችያለሽ አይደል?" አለችኝ። እኔ ደግሞ "የስ፣ የስ፣ ኦፍ ኮርስ!"

ፈረምኩ። ምን ብዬ ፈረምኩ መሰላችሁ? ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር አንዱ ጋ ይጠፋል ብዬ። አትሳቁ! እኛ የለመድነው እንደዚያ ነዋ! ፋይል ሲጠፋ ነው ያደግነው።

እዚህ አገር ለካ ወረቀት አይጠፋም። እንዲያውም ከመገዛቱ በፊት ጁሊ ጠርታ "ቤል፣ ሐሳብሽን ብትቀይሪ እስከ ዓርብ ጊዜ አለሽ፣ እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ። እንዴት ደስ ብሏት እንደምትጠይቀኝ ብታዩ! ያን ፊት ላጨልመው? "እርግጠኛ ነኝ፣ ቴንክ ዩ" አልኳት። እና መጣ፣ ልጆቼ። ሰማያዊ ነው፣ ደወል አለው፣ ፊቱ ላይ ቅርጫት አለው። ባለቤቴ መኮንን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አይቶት አይቶት ሲያበቃ፣

"የማነው?" አለ።

"የኔ ነው።"

"ማን ሊነዳው?"

"እኔ ነኛ።"

"መቼ የተማርሽውን?"

ቅዳሜ ልጄ ቤቲ ከሜልተን መጣች፣ እሷ ደግሞ እንደምታውቋት ነው፣ በእንግሊዝኛዋ "ማሚ! ዩ ካንት ኢቭን ራይድ!" ብላ ሶፋው ላይ ወድቃ ትንፈራፈራለች፣ በሳቅ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሰኞ ሥራ እስክገባ ድረስ ማለት ነው።

ሰኞ ጁሊ ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ለጥፋለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ረቡዕ ጠዋት፣ ብስክሌት የወሰዱ ሁሉ እየነዱ ይመጣሉ፣ በር ላይ ቁርስ ይደረግላቸዋል፣ ፎቶ ይነሳሉ። ከላይ የማን ስም ነው? ቤል! "ለአረጋውያኑ ሁሉ ነግሬያለሁ፣ በመስኮት ሆነው ሊያዩሽ ነው" አለችኝ።

አሁን ሳቁ ቀረ። ማታ ለመኮንን ነገርኩት። "ነገ ሄደሽ አልችልም በያት፣ አለቀ" አለኝ። አለቀ ይላል! ነገሩ የብስክሌት መሰለው። ልጆቼ፣ እኔ ኪችን ውስጥ "ጁሊ፣ ይሄ ሾርባ ኦቾሎኒ የለበትም፣ ይሄ ደግሞ ለባለ ስኳሩ ነው" ስላት ሳትቀምስ፣ ሳታይ የምትወስደው ቃሌን አምና ነው። አንድ ሰው ኦቾሎኒ ቢነካ ትንፋሹ የሚዘጋበት ቤት ውስጥ! ነገ ሄጄ "ያን ጊዜ የስ ያልኩሽ ውሸቴን ነው" ብላት፣ ከዚያ በኋላ የኔ የስ ምን ሊባል ነው? አስራ አንድ ዓመት ያከበሩኝ በእንግሊዝኛዬ አይደለም፣ በቃሌ ነው። አፈርኩ፣ ማልቀስ ቃጣኝ። "መኮንን፣ መጀመሪያ ልማር፣ ከዚያ እነግራታለሁ" አልኩት። "እንግዲያው ነገ ከሥራ ስትመለሺ ጫማሽን እንዳታወልቂ" አለኝ።

እና በነጋታው ከሥራ ስመለስ ወንዙ ዳር ወረድን፣ ያ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አለ አይደል? መጀመሪያ ቀን አራት ጊዜ ወደቅሁ። አንዱን ሣር ላይ፣ አንዱን ቁጥቋጦ ላይ፣ ሁለቱን መኮንን ላይ። ሰባ ዓመቱ ነው፣ ከኋላ መቀመጫውን ይዞ ልሩጥ ቢል ትንፋሽ ከየት ይምጣ! ታዲያ ምን ዘዴ አመጣ መሰላችሁ? ሻርፑን ከአንገቱ ፈታና ወገቤ ላይ አሰረው፣ ጫፉን እሱ ያዘ። እኔ ፊት ፊት እየተንገዳገድኩ፣ እሱ ከኋላ እየጎተተኝ፣ የበዓል በግ ገዝቶ ከገበያ የሚመለስ ሰው ነው የመሰለው! ፈረንጆቹ እየሮጡ ሲያልፉ "ጉድ ኦን ያ!" ይሉናል፣ በርቱ ማለታቸው ነው፣ መኮንን ባርኔጣውን እያነሳ "ቴንክ ዩ ሰር" ይላል፣ በዚያው እጁ ሻርፑን ይለቃል፣ እኔ ደግሞ ዱብ!

"ምን አባክ ትለቀኛለህ!"

"ሰላም ሲሉኝ ዝም ልበላቸው?"

እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለት ሳምንት አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ሄድኩ። ሄድኩ ስላችሁ፣ ሄድኩ! ዛፎቹ ያልፋሉ፣ ንፋሱ ፊቴ ላይ ነው፣ መኮንን ከኋላ "እግርሽን! እግርሽን አታቁሚ!" እያለ ድምፁ እየራቀ ይሄዳል። እኔ ደስታ እንደዚያ እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። ጮክ ብዬ "ኢየሱስ ጌታ ነው!" አልኩ፣ ዳክዬዎቹ ሁሉ ተነሱ። እንባዬ ወረደ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ለራሴ ብቻ ደስ የሚል ነገር ሳደርግ ስንት ዘመኔ ነው ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ግን አንድ ነገር ጎድሎ ነበር። መሄድ ቻልኩ፣ ማቆም አልቻልኩም። ፍሬኑን ስይዘው ብስክሌቱ ይቆማል፣ እኔ እወድቃለሁ። ሁልጊዜ መኮንን ነው ደርሶ የሚደግፈኝ። ጊዜው ደግሞ አለቀ።

ረቡዕ ጠዋት ሄልሜቴን አጥልቄ ወጣሁ። መኮንን "አብሬሽ በአውቶቡስ ልምጣ" ቢለኝ እምቢ አልኩ። በሰላም ደረስኩ፣ ጌታ ይመስገን፣ አንድም መኪና አላስቆምኩም። በሩ ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፣ ጁሊ ስልኳን ይዛ ለፎቶ ተዘጋጅታለች፣ ሽማግሌዎቹ ወንበራቸው ላይ ሆነው በመስኮት ተደርድረዋል። "ቤል! ሂር ሺ ካምስ!" ሲሉ እኔም እጄን አንስቼ ሰላም ልላቸው አሰብኩ፣ እጅ ማንሳት ግን አልተማርኩም! "ጉድ ሞርኒንግ ጁሊ!" አልኩና በጠረጴዛው አጠገብ ሽው ብዬ አለፍኩ። ወዴት እንደምሄድ እኔም አላውቅም። የመኪና ማቆሚያውን ዞርኩ፣ በጀርባ በኩል ወጥቼ ተመልሼ መጣሁ። እነሱ ያጨበጭባሉ፣ ለማሳየት ብዬ የምዞር መስሏቸው። "ጉድ ሞርኒንግ ጁሊ!" ብዬ እንደገና አለፍኩ። በሦስተኛው ዙር እግሬ ዛለ፣ ወደ አጥሩ ቁጥቋጦ አመራሁና ገባሁበት። ከነብስክሌቴ!

ጁሊ እየሮጠች መጣች። ቅጠል ከፀጉሬ ትለቅማለች፣ "ተጎዳሽ ወይ?" ትላለች። እኔ ግን እዚያው ቁጥቋጦው ውስጥ ተቀምጬ፣ ካሁን በኋላ አንድ ደቂቃ ብቆይ አልናገረውም ብዬ፣ "ጁሊ፣ ዋሽቼሻለሁ። ስትጠይቂኝ መንዳት አልችልም ነበር። ስትለፊልኝ ጊዜ እምቢ ማለት አቃተኝ። የተማርኩት በነዚህ ሦስት ሳምንታት ነው፣ ማቆም እስካሁንም አልችልም። ስለ ምግቡ ግን አንድ ቀን ዋሽቼሽ አላውቅም፣ እሱን እመኚኝ" አልኳት።

ከዚያ እሷም ቁጥቋጦው ላይ አጠገቤ ቁጭ አለች፣ በዚያ በጥሩ ልብሷ። "ቤል" አለች ቀስ ብላ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ፣ "እኔ ዛሬ በምን የመጣሁ ይመስልሻል? በመኪና ነው። ብስክሌቴ ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ከነፕላስቲኩ። ሊያስረዳኝ የመጣው ሰውዬ ጠዋቱን ሙሉ ሲደክም አሳዘነኝና ፈረምኩ። አንቺን ያስፈረምኩሽ እኮ እኔ ብቻ እንዳልሆን ብዬ ነው!"

ታዲያ እኔ ይሉኝታ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር! እነሱም አላቸው፣ ስም አላወጡለትም እንጂ። ያን ቀን እጄን ይዛ ወደ ኪችን ስታስገባኝ ምን አለችኝ? "ማንም ሳይጠይቅሽ እውነቱን ነገርሽኝ፤ ከእንግዲህ ስለ ሾርባው ይበልጥ ነው የማምንሽ" አለችኝ። ይሄው አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዙ ዳር አብረን ነን። እሷ ከኔ ይበልጥ ትፈራለች፣ እኔ ነኝ የማስተምራት፣ ታዩ የለ!

እና ልጆቼ፣ ይሉኝታ ስንቱን አሸክሞኛል! ያልወደድኩትን ቀሚስ ገዝቻለሁ፣ ጠግቤ ጉርሻ ጎርሻለሁ፣ አራት ዓመት ሙሉ በማልችለው ድምፅ ኳየር ውስጥ ዘምሬአለሁ። በይሉኝታ ከወሰድኩት ሁሉ የጠቀመኝ ይሄ ብስክሌት ብቻ ነው።

ይሄኔ ሰላም፣ ከመካከላችን ትንሿ፣ ጋሼ መኮንን ሻይ ሊጨምሩልን ማንቆርቆሪያውን ይዘው ሲገቡ አይታ "እትዬ፣ ጋሼንስ? እሳቸውንም በይሉኝታ ነው ያገቡት?" አለቻቸው።

"እሱን? ምን በወጣኝ! እሱንማ ሌሎች የላኩብኝን ሦስት ሽማግሌ ስመልስ ስመልስ ቆይቼ፣ እኔው ራሴ ናልኝ ብዬ ነው!" አሉና፣ ጋሼ ራሳቸው በሳቅ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው እስኪቀመጡ ድረስ ሁላችንም ሳቅን።