የሚሽከረከረው ኮከብ

ከዲላ ይርጋጨፌ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ የተቀመጡት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና አንዲት የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሠራተኛ የሆኑ ሴትዮ ናቸው።

«መምህሬ የመመረቂያ ጽሑፌን አልፈርምም አለኝ፣ እትዬ።»

«ምን አጥፍተህ?»

«ምንም። ዓለም ሲጀመር የተሠራው ሊቲየም የሚባል ንጥረ ነገር በስሌት ብዙ ነው፤ አሮጌ ኮከቦች ላይ ግን ጎድሎ ይታያል። ኮከቡ ሲሽከረከር ሊቲየሙ ወደ ውስጥ ወርዶ ይቃጠላል ብዬ በኮምፒዩተር አሰላሁት። ከሚታየው ጋር ልክ መጣ።»

«ልክ?»

«ዝንፍ አላለም።»

«እኛ ጋ አንድም እንከን የሌለበት ናሙና ሲቀርብለት፣ ገዢው ጆንያው ይከፈት ይላል። ጥሩ ጥሩው ብቻ ተለቅሞ እንዳይሆን።»

«እኔ ምን እለቅማለሁ?»

«በምን ፍጥነት እንደሚሽከረከር ማን ነገረህ?»

«ብዙ ፍጥነት ሞከርኩ። የገጠመልኝን ያዝኩ።»

«ያልገጠሙትንስ ጻፍካቸው?»

«ምን ያደርጋሉ ብዬ ተውኳቸው።»

«አይ ልጄ! ለቅመሃላ።»

ወናጎ እስክንደርስ ዞር ብዬ የልጁን ፊት ማየት ከበደኝ።